የእማዬ መነጽር ወረቀት ያጨሳል፣ የኔ ግን እምቢ አለ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሩቅ ማያ መነጽር አደርጋለሁ፤ ማይነስ 3 ነው። እማዬ ደግሞ ጋዜጣ የምታነብበት ፕላስ 2.5 አላት። እሁድ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን የእሷን ፀሐይ ላይ ብይዘው የጋዜጣው ጥቁር ፊደል ጭስ ጭስ አለ። የኔን ብሞክር ግን ብርሃኑ ጭራሽ ተበተነ። መነጽር ቤቱ ሸውዶኝ ይሆን?
(አንባቢያችሁ ከአዳማ)

መልስ፦ ኧረ አልሸወዱህም! እንዲያውም ሌንስህ ትክክለኛ መሆኑን ራስህ አረጋግጠሃል።

ብርሃን በባዶ ቦታ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። መስታወት ውስጥ ሲገባ ወደ 200,000 ይወርዳል። ቀጥ ብሎ ከገባ ፍጥነቱ ብቻ ይቀንሳል፤ አጋድሎ ከገባ ግን አቅጣጫውም ይታጠፋል። የብርሃን ስብረት የሚባለው ይሄ ነው፤ ሻይ ውስጥ ያለ ማንኪያ የተሰበረ የሚመስለውም በዚሁ ሰበብ ነው።

አሁን ሁለቱንም ሌንሶች በጣትህ ዳብስ። የእናትህ መሀሉ ወፍራም፣ ዳሩ ስስ ነው። ያንተ ተቃራኒው። ብርሃን ሌንስን አልፎ ሲወጣ ወደ ወፍራሙ በኩል ስለሚታጠፍ የእሳቸው መሀል ላይ ይሰበስበዋል፣ ያንተ ወደ ዳር ይበትነዋል። ላንተ መበተኑ ነው የሚጠቅምህ፤ ዓይንህ የሩቁን ብርሃን ሬቲና (ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ላይ ሳይደርስ ቀድሞ ስለሚሰበስበው፣ መነጽሩ ትንሽ በተን አድርጎ ያዘገይለታል።

ቁጥሩም ዝም ብሎ የተጻፈ አይደለም። የእሳቸውን ሌንስ ከመስኮት ራቅ ባለ ግድግዳ ፊት ያዘውና ወደፊት ወደኋላ አድርገው፤ የውጪው ዛፍና ሰማይ ተገልብጠው ጥርት ብለው ግድግዳው ላይ ሲታዩ ከሌንሱ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ለካ። 40 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 0.4 ሜትር አካባቢ ታገኛለህ። 1ን ለ0.4 ስታካፍል 2.5፣ በቃ! ያንተ እንዲህ አይለካም፤ የበተነው ብርሃን ግድግዳ ላይ ምስል አይሠራም። ግን መነጽርህን አውልቀህ መጽሐፍ ቀስ እያልክ አርቀው፦ ፊደሉ መደብዘዝ የሚጀምረው 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ማለትም 1 ሲካፈል ለ3።

የስብረቱን ሕግ መጻሕፍት በሆላንዳዊው ስኔል ስም ይጠሩታል፤ እሱ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1621 ነው። ኢብን ሳህል የተባለ ሊቅ ግን በ984 ገደማ ባግዳድ ውስጥ ደርሶበት ነበር። የሚገርመው፣ እሱም ሲመራመር የነበረው ብርሃን ሰብስበው ስለሚያቃጥሉ ሌንሶች ነው፤ ልክ እንደ እናንተ በረንዳ።

ብቻ በሌንሱ ወደ ፀሐይ እንዳታይ፤ ያጨሰው ጋዜጣ ነው፣ ቀጥሎ ዓይንህ ይሆናል።