ስለ አልፓካ ጠጉር ለጠየቀችኝ ወጣትና ለሙያ ባልደረቦቿ

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዷ፣ በአልጋ ልብስ ሥራ ላይ ከተሰማራች ገና ብዙ ያልቆየች ወጣት፣ በቅርቡ አንድ ጥያቄ ላከችልኝ። «የአልፓካ ጠጉር እንደ በግ ሱፍ ቅባት የለበትም፣ ውስጡም ክፍት ነው ይባላል፤ ስለዚህ ከእርሱ በተሠራ ብርድ ልብስ ላይ ‹አለርጂ አያስነሣም› ብለን ብንጽፍ ትክክል ይሆናል ወይ?» የሚል ነው። መልሱ በአንድ መስመር ያልቃል። ሆኖም ጥያቄው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን አንድ አሮጌ ጉዳይ ስለቀሰቀሰብኝ፣ ከመልሱ በፊት እርሱን ላጫውታችሁ።

ያን ጊዜ የምሠራው በአንድ የአልጋ ልብስ ፋብሪካ የጥራት መመርመሪያ ክፍል ነበር። አልፓካ ከግመል ወገን የሆነ፣ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች በአብዛኛው ከ3,500 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ የሚረባ እንስሳ ነው፤ የዓለም መንጋ አብዛኛው ክፍልም በፔሩ ይገኛል። ጠጉሩ ወደ እኛ የሚመጣው አሬኪፓ ከተባለችው የፔሩ ከተማ በጥቅል ታስሮ ነበር። አሬኪፓ የአልፓካ ጠጉር ንግድና ዝግጅት ዋና ማዕከል ስትሆን፣ በዚያ እያንዳንዱን የተሸለተ ጠጉር በእጃቸው እየዳሰሱ በቅጥነትና በቀለም የሚለዩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በእኛም ፋብሪካ የገባውን ዕቃ እንደገና የሚፈትሹ አንድ አንጋፋ ሴት ነበሩ። ሁላችንም «እትዬ» እያልን እንጠራቸው ነበር።

እትዬ ጥቅሉን ከላይ አያዩም። ከመሐሉ ያስከፍቱና እጃቸውን እስከ ክርናቸው ያስገባሉ፤ ከላይ የሚታየው ሁልጊዜ የተመረጠው ነው ባይ ነበሩ። ጭብጥ ያህል ካወጡ በኋላ በጣታቸው ከመዳሰስ ይልቅ በክንዳቸው ውስጠኛ ቆዳ ላይ ያሳርፉታል፤ ቀጥለውም ከአገጫቸው በታች ያስነኩታል። የጣት ቆዳ በሥራ የደነደነ ስለሆነ አይታመንም ይሉ ነበር፤ ብርድ ልብስ የሚነካውም አንገትንና ክንድን እንጂ የጣትን ጫፍ አይደለም። ከዚያም ነጩን ጠጉር በጥቁር ጨርቅ ላይ፣ ጥቁሩን ደግሞ በነጭ ጨርቅ ላይ ይበትኑና ከሌላው ረዘም፣ ቀጥ፣ ወፈር ያሉትን አንድ በአንድ እየመዘዙ በጎን ይደረድራሉ። ሲመዙ አይነጋገሩም። እኛ ወጣቶቹ ይህን ሁሉ እንደ አሮጌ ልማድ እንቆጥረው ነበር፤ መሣሪያ አለን ብለን።

አንድ ቀን አማካይ ውፍረቱ 22 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) መሆኑን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት የያዘ ዕቃ ገባ። በፔሩ የደረጃ መስፈርት እስከ 23 ማይክሮን ያለው ከቀጭኖቹ ተርታ ይመደባል፤ ከዚያ በላይ እስከ 26.5 ያለው ቀጣዩ ደረጃ ነው፤ ከ31.5 የበለጠው ደግሞ ሸካራ ይባላል። በእኛም መሣሪያ ተለካ፤ ያው 22 ሆነ። ያ መሣሪያ በታመቀ ጠጉር መሐል አየር እያሳለፈ፣ አየሩ ባጋጠመው መጠን መታገድ ውፍረቱን የሚገምት ነበርና የሚሰጠው አማካዩን ብቻ ነው። እትዬ ግን እንደ ልማዳቸው ጨርቃቸው ላይ በተኑት። የመዘዙት ወፍራም ጠጉር በጎን በኩል ወፈር ያለ ረድፍ ሠራ። «ልጄ፣ ቁጥራችሁ ትክክል ነው፤ ይህ ግን ይኮሰኩሳል፤ ለትራስና ለአንገት አይሆንም» አሉኝ።

የግዥ ክፍሉ ምስክር ወረቀቱ በቂ ነው ብሎ ዕቃውን ተቀበለ። ብርድ ልብሶቹ ተሠሩ፣ ተሸጡ፣ ጥቂት ቆይተውም ይመለሱ ጀመር። ደንበኞቹ «ሰውነታችንን አሳከከን፣ አለርጂ ሳይሆንብን አይቀርም» ይሉ ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ የሆነው ነው፦ የፋብሪካው ኃላፊዎች ጠጉሩን እንደገና በማስመርመር ፈንታ፣ ችግሩ የደንበኞች የአለርጂ ፍርሃት እንደሆነ ደመደሙና ለሚቀጥለው ምርት «ቅባት አልባ፣ አለርጂ የማያስነሣ» የሚል መለያ አሳተሙ። እነሆ፣ ልጄ ዛሬ ልትጽፊው የምትጠይቂው ቃል በእኔ ዘመን የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነበር።

የተመለሱት ብርድ ልብሶች ጉዳይ ምን እንደሆነ በኋላ በሚገባ ተረዳሁት። ጠጉር ቆዳን የሚወጋው ጫፉ በቆዳው ሲገፋ ሳይታጠፍ ሲቀር ነው፤ ወፍራም ከሆነ አይታጠፍምና ከቆዳ ሥር ያሉትን ነርቮች ይነካል። ድንበሩ ወደ 30 ማይክሮን ግድም ነው፤ ከዚያ የወፈረው ከጠቅላላው በመቶ 5 ያህል ሲደርስ ብዙ ሰው መኮስኮሱ ይሰማዋል። በተለመደው የስርጭት ስሌት አማካዩ 22 የሆነ ጠጉር መደበኛ ልዩነቱ፣ ማለትም ጠጉሮቹ ከአማካዩ የሚራራቁበት መጠን፣ 4 ማይክሮን ቢሆን፣ ከ30 በላይ የሚወጣው በመቶ 2 ገደማ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ 6 ቢሆን ግን ወደ 9 ይጠጋል። አማካዩ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ያስተኛል፣ ሌላው ያሳክካል። የእትዬ ጥቁር ጨርቅ የሚያሳየው ይህንኑ ስርጭት ነበር።

የያንዳንዱን ጠጉር ውፍረት በሌዘር ለይቶ ስርጭቱን የሚያሳይ መሣሪያ ወደ ክፍላችን ሲገባ እትዬ በጡረታ ተሰናብተው ነበር። የመሣሪያውን ውጤት ከእርሳቸው ረድፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ምን ያህል እንደሚያስተምር የገባኝ ያኔ ነው። ከአንድ እንስሳ ከተሸለተው ጠጉር የጀርባውን ከሆዱና ከእግሩ በዳሰሳ ብቻ እንዴት ይለዩት እንደነበር፣ ሸካራው በማሽን ሊነጠል የሚችለውን ጥቅል ከማይችለው በምን እንደሚያውቁት ማንም አልጻፈውም። እውቀቱ በእጃቸው ነበር፣ ከእጃቸው ጋር ሄደ። የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ብርድ ልብሶቹ አይደሉም፤ የእነርሱ ገንዘብ ተመልሷል።

የእናንተን ትውልድ በዚህ ነገር አላማም ልል ነበር፤ ግን አማለሁ። ሁሉንም ትጠይቃላችሁ፣ ይህ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን የምትጠይቁት መልሱ በሦስት ቃል እንዲሰጣችሁ ነው፤ በእጃችሁ ሳትነኩት በፎቶግራፉ ማማር የምትፈርዱበትም ጊዜ ይበዛል። እኛ ደግሞ መጠየቅ ያሳፍረን ነበር። የትኛው እንደሚከፋ እንጃ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። አልፓካ ቅባቱ አነስተኛ መሆኑ እውነት ነው፤ ጥቅሙ ግን በይበልጥ ለአጣቢው ነው፣ ጠጉሩ በቀላሉ ይጠራልና። የበግ ሱፍም ቢሆን የአልጋ ልብስ ከመሆኑ በፊት ታጥቦ ላኖሊን የተባለው ቅባቱ በአብዛኛው ይወጣለታል። በአልጋ ላይ አለርጂ የሚያስነሡት በብዛት ከሰውነታችን የሚረግፈውን ቆዳ የሚመገቡት፣ በዓይን የማይታዩት የአቧራ ነፍሳት ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ እርጥበትና ሙቀት ካገኙ የጠጉሩን ዓይነት አይመርጡም። ስለዚህ ያንን ቃል አትጻፉ።

ውስጡ ክፍት ነው የሚባለውም ቢሆን ግማሽ እውነት ነው። በብዙ የአልፓካ ጠጉሮች መሐል አየር የቋጠሩ ሕዋሳት ያሉበት መቅኔ አለ። ይሁን እንጂ መቅኔው በወፍራሞቹ ጠጉሮች ውስጥ ሰፊና ያልተቋረጠ፣ በቀጭኖቹ ደግሞ የተቆራረጠ ወይም ጨርሶ የሌለ ነው። ማለትም ሰፊ መቅኔ ያለው ጠጉር እትዬ ከጨርቃቸው የሚመዙት ዓይነት ነው። ልስላሴውንና ክፍትነቱን በአንድ መለያ ላይ አብሮ የሚያወድስ ሰው እርስ በርሳቸው የሚገፋፉ ሁለት ነገሮችን እየሸጠ መሆኑን አላወቀም።

ሙቀቱንስ በተመለከተ፣ «ከበግ ሱፍ ይህን ያህል እጥፍ ይሞቃል» የሚለውን አባባል እርሱት። የሚያሞቀን በጠጉሮቹ መካከል ታግዶ የቆመው አየር ነው፤ የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከጠጉሩ ከራሱ እጅግ ያነሰ ነውና። ስለዚህ የብርድ ልብሱ ውፍረትና ያንን ውፍረት ጠብቆ መቆየቱ ከእንስሳው ስም ይበልጣል።

አልፓካን ለአልጋ የምወድበት ምክንያት ሌላ ነው። ተኝተን ሳለን ከሰውነታችን እንፋሎት ይወጣል። ኬራቲን፣ ማለትም ጠጉር የተሠራበት ፕሮቲን፣ ያንን እንፋሎት ወደ ውስጡ ይስበዋል፤ የበግ ሱፍ የደረቀ ክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ ሲነካ እርጥብ አይመስልም፣ አልፓካም በዚህ ጠባዩ ይቀርበዋል። ሲስብ ጥቂት ሙቀት ይለቃል፤ ክፍሉ ሲደርቅ እርጥበቱን መልሶ ይሰጣል። ፖሊስተር ከክብደቱ በመቶ 1 እንኳ አይስብም፤ ሌሊት ላብ አጥምቆን የምንነቃው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። በተጨማሪም ኬራቲን ናይትሮጅንና እርጥበት ስላለው በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ እሳቱ ሲርቅለትም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል።

ጉድለቱንም ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። የአልፓካ ጠጉር ቅርፊቶች ከበግ ሱፍ ቅርፊቶች ዝቅ ብለው ስለሚተኙ ልስላሴው ከዚያ ይመጣል፤ ነገር ግን ያው ልስላሴ ጠጉሮቹ እርስ በርሳቸው እንዳይያያዙ ያደርጋቸዋል። ሞገዳማ ጥቅልሉም አነስተኛ ነው። ስለዚህ ሙሌት ሆኖ በኮምፈርት ውስጥ ሲገባ ከጊዜ ብዛት ይተኛል፣ በማዕዘን በኩል ይከማቻል፣ በጨርቁ ቀዳዳም ሾልኮ ይወጣል። ሁዋካያ የተባለው ዝርያ ጠጉሩ ጠቅለል ስለሚል ለሙሌት ይሻላል፤ ቀጥ ብሎ የሚወርደውና የሐር ወዝ ያለው «ሱሪ» የተባለው ዝርያ ግን ለሽመና እንጂ ለሙሌት አይመከርም። እንግሊዛዊው ባለፋብሪካ ታይተስ ሶልት በ1836 በሊቨርፑል ገዢ አጥቶ የተቀመጠ የአልፓካ ጠጉር ገዝቶ በብራድፎርድ ሲሠራበት፣ አስቸጋሪውን ጠጉር በጥጥ ድር ላይ ማግ አድርጎ በመሸመን ነበር የተሳካለት። ይህን የማነሣው ታሪክ ስለምወድ ብቻ አይደለም፤ የሚያንሸራትት ጠጉር ብቻውን አይቆምም፣ የሚይዘው ይፈልጋል። በኮምፈርትም ከበግ ሱፍ ጋር ተቀላቅሎ ቢነደፍ፣ ስፌቱም ጠበብ ጠበብ ቢል ዕድሜው ይረዝማል። «ንጹሕ መቶ በመቶ አልፓካ» ሁልጊዜ የተሻለ ነው የሚል ገዢ ካጋጠማችሁ በትዕግሥት አስረዱት።

በመለያው ላይ ልትጽፉ የሚገባችሁ እንግዲህ የአልፓካውንና የሌላውን ጠጉር ድርሻ፣ አማካይ ውፍረቱን፣ ከ30 ማይክሮን በላይ የሆነውን በመቶኛ፣ በካሬ ሜትር የገባውን የሙሌት ክብደትና የሽፋኑን ጨርቅ ዓይነት ነው። ከላይ ቁጥርን አንቋሽሼ አሁን ቁጥር ጻፉ ማለቴን አውቃለሁ። ቁጥሩን ጻፉ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ግን እጃችሁን ጥቅሉ መሐል አስገቡ።

ስለ አልጋ ንጽሕና በአጠቃላይ የምታውቁትን አልደግምም። ለደንበኛ የሚነገረው ግን ይህ ነው፦ ጠጉሩ የበግ ሱፍን ያህል ባይሆንም ሲታሽ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠቀጠቃል፤ ስለዚህ የሚታጠበው ለብ ባለ ውኃ፣ ሳይታሽና ሳይጠመዘዝ፣ ፕሮቲን የሚበላ ኢንዛይም በሌለው ሳሙና ነው፤ የሚደርቀውም ተዘርግቶ እንጂ ተሰቅሎ አይደለም። ለብዙ ጊዜ ከመቀመጡ በፊት መታጠብ አለበት፤ ብል የላብና የምግብ ቅሪት ያለበትን ጠጉር ይመርጣልና። ብል ከገባበት በላስቲክ ታሽጎ በ−18 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ለሁለት ሳምንት ይቀመጥ፤ ሲወጣ ላስቲኩ የሚከፈተው ቅዝቃዜው ከለቀቀው በኋላ ነው፣ አለበለዚያ ጤዛ ይዞ ጠጉሩን ያርሰዋል። ከዚያ በኋላ ከቤት ውጭ ይራገፍ፣ ስፌቱም ስር በብሩሽ ይጠረግ።