«ድምፅ ይሰማል» ወይስ «ድምፅ ይሰማዋል»?

ጥያቄ፦ የምሠራው በሕክምና መዝገብ ክፍል ነው። ሐኪሞች የጻፉትን እያነበብኩ የበሽታ ኮድ እሰጣለሁ። ሰሞኑን አንድ ካርድ ላይ «ታካሚው ድምፅ ይሰማል» የሚል አጋጠመኝ። አንዷ ባልደረባዬ «ይሰማዋል» ነው መባል ያለበት አለች። ሌላው ደግሞ ድምፁ የሌለ ስለሆነ «የሚሰማው ይመስለዋል» ነው ትክክሉ ብሎ ተከራከረ። ማን ነው ልክ? ለኮዱስ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባልደረባዎ ልክ ናት። ለኮዱም ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

እስቲ «ድምፅ ይሰማል» የሚለውን ሁለት ጊዜ ያንብቡት። መጀመሪያ «ሰ»ንም «ማ»ንም አላልተው። ሰውየው መስማት ይችላል ማለት ይሆናል። የጆሮ ሐኪም መርምሮ «ደህና ነው» ሲል የሚጽፈው ዓይነት ነው። አሁን ሁለቱንም አጥብቀው ያንብቡት። ድምፅ አለ፣ ይደመጣል ማለት ሆነ። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ሊሰማው ይችላል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ስናወራ ችግር የለውም፤ ካርድ ላይ ግን አንባቢው ነው የሚቸገረው። የሚገርመው፣ ከሁለቱ ንባቦች አንዱም ሐኪሙ ሊል የፈለገው አይደለም።

«ድምፅ ይሰማዋል» ሲባል ግን ባለቤቱ ድምፁ ነው፤ ሰውየው ተሳቢ ሆኖ ግሱ ውስጥ ገብቷል። «ይበርደዋል»፣ «ይርበዋል»፣ «ያመዋል» ከሚሉት ጋር ይሄዳል። የሚሰማው ለእሱ ነው፤ ሌላው ሰማ አልሰማ የግሱ ጉዳይ አይደለም። በረደኝ ያለን ሰው ክፍሉ ሞቃት ስለሆነ ብቻ ውሸትህን ነው አንለውም። አማርኛ ለሀሉሲኔሽን፣ ማለትም የሌለ ነገር ለመሰማቱ ወይም ለመታየቱ፣ ከዚህ የተሻለ ግስ የሚሰጠን አይመስለኝም። ለማየትም ያው ነው። «ሰው ያያል» ካሉ፣ የሚታይ ሰው እንዳለ የመሰከሩ ያህል ነው። «ሰው ይታየዋል» ይበሉ።

«ን»ን ግን ይጠንቀቋት። «ድምፁን ይሰማዋል» ከተባለ ነገሩ ተገለበጠ፤ ሰውየው ድምፁን ያዳምጠዋል፣ ከዚያም አልፎ ይታዘዘዋል ማለት ሊሆን ይችላል። «አባቱን ይሰማል» እንደምንለው። ሐኪም ዘንድ ድምፅ በሚሰማውና ድምፁ ያለውን በሚፈጽም ሰው መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም።

ወደ «ይመስለዋል» እንምጣ። ሌላው ባልደረባዎ ያሰበው ገብቶኛል። ውሸት ላለመጻፍ ነው። ነገር ግን «ይመስለዋል» ጥርጣሬ ያስገባል። ብዙ ጊዜ ታካሚው አይመስለውም፤ ጥርት ብሎ ይሰማዋል። «ይመስለዋል» ቦታው ሌላ ነው። ንፋስ በሩን ሲያንቀጫቅጨው ሰው የሚያወራ ከመሰለው፣ ድምፁ አለ፤ የተሳሳተው አተረጓጎሙ ነው። ይህ ኢሉዥን ነው እንጂ ሀሉሲኔሽን አይደለም። «ጎረቤቶቹ ሊገድሉት እንደሚያሴሩ ያምናል» ከተባለ ደግሞ ዴሉዥን፣ ማለትም ከእውነት የራቀ ጽኑ እምነት ነው፤ እዚያ ግሱ «ያምናል» ነው። መሰለው፣ ተሰማው፣ አመነ፦ ሦስቱን ማቀላቀል ሦስት የተለያዩ ምልክቶችን ማቀላቀል ነው።

አሁን ኮዱ። በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ 10ኛ እትም፣ በአይሲዲ 10፣ የሌለ ድምፅ መሰማት አር 44.0 ነው። የሌለ ነገር መታየት አር 44.1 ነው። ከእነዚህ ውጭ ላሉት አር 44.2፣ ዓይነቱ ላልተገለጸ አር 44.3 አለ። (11ኛው እትም እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ቁጥሮቹ ሌላ ናቸው፤ የአማርኛው ጣጣ ግን ያው ነው።) «ያልተገለጸ» ማለት መዝገቡ አልነገረንም ማለት ነው፤ ሐኪሙ አያውቀውም ማለት ላይሆን ይችላል። የአር ኮዶች የምልክት ኮዶች ናቸው። ሐኪሙ ስኪዞፍሬንያ (ከባድ የአእምሮ ሕመም) ነው ካለ ኮዱ ኤፍ 20 ይሆናል፤ የድምፁ ነገር በዚያው ይጠቃለላል። ከመጠጥ ጋር የተያያዘ ሳይኮሲስ (ከእውነታው ዓለም የሚያርቅ የአእምሮ መታወክ) ከሆነ ኤፍ 10.5 አለ። ካርዱ ላይ «ድምፅ ይሰማዋል» የሚል ብቻ አይተው ኤፍ 20 እንዳይሰጡ። በምርመራ ያልተባለን በሽታ ከግስ ማውጣት አይቻልም።

ስለ ካርድ ካነሳን፣ እርስዎ ያልጠየቁት ግን እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። «ድምፁ ‹ተነሣ› ይለዋል» የሚል ቢያጋጥምዎ ምን ይረዳሉ? «ነ»ንም «ሣ»ንም ሲያላሉት ትእዛዝ ነው። «ሣ»ን ሲያጠብቁት ወሬ ነው፤ ድምፁ ሰውየው መነሣቱን እየተከታተለ ይናገራል። «ተጠጋ»ም እንደዚሁ። በአይሲዲ 10 መመሪያ ደግሞ ታካሚው የሚያደርገውን እየተከታተለ የሚያወራ ድምፅ ለስኪዞፍሬንያ ከባድ ክብደት አለው፤ በግልጽ ከታየና ለአንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ አብዛኛውን ጊዜ ከቆየ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። የሚያዝ ድምፅ ደግሞ የታካሚውን ደህንነት በተመለከተ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ታካሚዋ ሴት ብትሆን «ተነሺ» እና «ተነሣች» ተለያይተው ይገላግሉን ነበር። ለወንድ ግን «ተነሣ እያለ ያዘዋል» ወይም «ተነሣ፣ ተቀመጠ እያለ ያወራበታል» ብሎ መጨመር ግድ ነው።

የታካሚውን ቃል እንዳለ በጥቅስ ማስቀመጥም ብዙ ያድናል። «ጆሮዬ ይጮኻል» ያለን ሰው «ድምፅ ይሰማዋል» ብሎ ማሳመር አደጋ አለው። የጆሮ ጩኸት ኤች 93.1 ነው፤ ምዕራፉም የጆሮ በሽታዎች ነው። «ውልብ ይልብኛል» ያለውንም «ሰው ይታየዋል» አያድርጉት። ምን ውልብ እንዳለበት አልተናገረም። «ሊተኛ ሲል ይሰማዋል» የሚለው ደግሞ «ማታ ማታ ይሰማዋል» ሆኖ ሲያጥር አይቻለሁ። እንቅልፍ ሊወስድ ሲል የሚመጣ ድምፅ ጤነኛ ሰውም ላይ ይደርሳል። ማታ ሙሉ የሚሰማ ድምፅ ግን ሌላ ነው።

እጅዎ ላይ ያለውን ካርድ ግን ራስዎ እንዳያርሙት። «ይሰማል»ን «ይሰማዋል» ለማድረግ የምትጨመረው አንዲት «ዋ» ብትሆንም፣ መዝገቡ የጻፈው ሰው ነው። ይመልሱለትና እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦ «መስማት ይችላል ለማለት ነው ወይስ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል ለማለት?»