ሁለቱ ገንዳውን ወረሱት

ጥያቄ፦ የቤቴ አኳሪየም ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር ነው። የዛሬ ዓመት ገደማ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክሉ፣ ኤንጀልፊሽ የሚባሉ 5 ዓሦች አስገባሁበት። ለወራት ተስማምተው ኖሩ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ሁለቱ በፊልተሩ ቱቦ በኩል ያለውን ግማሽ ገንዳ ይዘው ሌሎቹን አላስጠጋ አሉ። ሦስቱ ማዶ ጥግ ላይ፣ ከውኃው አናት ሥር ተለጥፈው ይውላሉ፤ የአንዱ ጅራት ተበጣጥሷል። ትልቁን ባወጣው ይገላገላሉ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ትልቁን አያውጡት። ምክንያቱን ራስዎ ጽፈውታል፤ ሁለት ዓሦች፣ አንድ ቦታ፣ የፊልተር ቱቦ። ኤንጀልፊሽ ከ8 እስከ 12 ወር ሲሆነው ጥንዱን ይመርጣል። እንቁላሉን የሚለጥፈውም ቀጥ ብሎ በቆመ ነገር ላይ ነው፦ ሰፊ ቅጠል ላይ፣ መስታወቱ ላይ፣ እንደ እርስዎም ቤት ቱቦ ላይ። ከዚያ ወዲያ የሚጠጋ ሁሉ እንቁላል ሊበላ የመጣ ሌባ ነው፤ እውነትም ይበላሉ። ከጥንዱ አንዱን ቢያወጡ የቀሩት አራቱ የበላይና የበታች ለመለየት እንደገና ይቧቀሳሉ፤ ሌላ ጥንድ ተነሥቶ ያንኑ ቱቦ ሊይዝ ይችላል።

ነገ ጠዋት ምግብ ሳይሰጡ ለ10 ደቂቃ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ሁለቱ ቱቦውን በአፋቸው ደጋግመው ከጠረጉና ከሆዳቸው ሥር ትንሽ ጫፍ ብቅ ካለ እንቁላሉ ደርሷል። የወንዱ ጫፍ ቀጭንና ሹል፣ የሴቷ ወፈር ያለና ደነዝ ነው። አንዳንዴ "ባልና ሚስት" ያልናቸው ሁለቱም ሴት ይሆናሉ፤ እንቁላሉ ነጭ ሆኖ ይበላሻል፣ ጠባቸው ግን አይቀንስም።

አንድ ነገር አስቀድመው ይለዩ። አምስቱም ወደ ላይ ወጥተው ስንጥባቸውን ቶሎ ቶሎ የሚያርገበግቡ ከሆነ ችግሩ ጠብ ብቻ ሳይሆን ውኃውም ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከቆላው ያንሳል፤ ስለዚህ ከፊልተሩ የሚወጣው ውኃ የገንዳውን ፊት ማናወጥ አለበት። ሦስቱ ብቻ ከሆኑ ግን ተባርረው ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ገንዳዎ በልኬት 126 ሊትር ነው፤ ጠጠሩና ከላይ የሚተወው ክፍት ቦታ ሲቀነስ ወደ 110 ይወርዳል። ያደገ ኤንጀልፊሽ ርዝመቱ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከላይኛው ክንፍ ጫፍ እስከ ታችኛው ሲለካ ደግሞ ከ20 ይበልጣል። በዚህ ስፋት ውስጥ የተሸነፈው ከአሸናፊው ዓይን የሚሰወርበት ቦታ የለም። ስለዚህ ይህን ገንዳ ለጥንዱ ይተዉላቸው፤ ሦስቱን ለሌላ አርቢ ይስጡ ወይም 120 በ50 በ50 የሆነ ገንዳ ይግዙላቸው። በትልቁ ገንዳ ውስጥም ቢሆን 6 ቢሆኑ ይሻላል፤ ሦስት ሲሆኑ ሁለቱ ይጣመሩና ዱላው ሁሉ አንዱ ላይ ያርፋል።

እስከዚያው ድረስ ውኃ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ከዳር እስከ ዳር፣ ከጠጠሩ እስከ ውኃው አናት ይትከሉ። ክፍተት ከተዉ ያልፋሉ። ጉቶና ተክል ማዘዋወርም ድንበሩን ያጠፋዋል፤ ግን የሚያስታግሰው ለጥቂት ቀን ነው። ሙቀቱ 28 ዲግሪ ከሆነ ወደ 25 ቢያወርዱት የእንቁላል ጥድፊያው ረገብ ይላል፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በቀን አንድ ዲግሪ።

ጅራቱ የተበጣጠሰውን ዛሬውኑ ይለዩት። በመረብ አይያዙት፤ ረጃጅም ክንፎቹ ይያዙበታል። በሰፊ ጆግ ከነውኃው ይቅዱት። 20 ሊትር የሚይዝ ንጹሕ ሳፋ፣ ትንሽ ማሞቂያና ከነባሩ ፊልተር የተቆረሰ ስፖንጅ ይበቃዋል። ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ አይጠቡት፤ ክሎሪኑ ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ፣ አሞኒያን፣ የሚያከሽፉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። በየቀኑ ሩቡን ውኃ ይቀይሩለት፤ የሚጨምሩት ክፍት ባልዲ ውስጥ 24 ሰዓት ያደረና ሙቀቱ የተስተካከለ ይሁን። የክንፉ ሥር እስካልተነካ ድረስ በሳምንታት ውስጥ ይበቅላል። ጥጥ የመሰለ ነገር ካልታየበት መድኃኒት አያሻውም።

ጥያቄ፦ ከኤንጀልፊሾቼ ጋር ኒዮን ቴትራ የሚባሉ 6 ትንንሽ ዓሦች ነበሩኝ። በሽታ ሳይታይባቸው፣ የሞተም ሳላገኝ ሁለት ብቻ ቀሩ። ምን ነካቸው?

መልስ፦ ተበልተዋል። ኤንጀልፊሹ አድጎ አፉ ሲሰፋ ቀጭኑ ኒዮን እራት ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜም በሌሊት ነው። የቀሩትን ሁለቱን ዛሬ ያውጡ። በምትካቸው ከታች ጠጠር የሚያስሱ፣ ኮሪዶራስ የሚባሉ 6 ዓሦች ያስገቡ። ታይገር ባርብ የሚባለውን ዓሣ ግን አያስቡት፤ እሱ ደግሞ የኤንጀልፊሹን ክንፍ ይነጫል።