ለሚቀጥለው እናቆየው

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሰፈሬ ልጅ ቤቴ መጣች። የእድራችን ጸሐፊ ሆና ከተመረጠች አራት ወሯ ነው። «ሲስተር፣ ስብሰባ ላይ ሁሌ የሚናገሩት እነዚያው ሦስት አራት ሰዎች ናቸው። ሴቶቹማ ጭራሽ ትንፍሽ አይሉም። እንዴት አድርጌ ላናግራቸው?» አለችኝ።

በነርስነት 34 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፤ ሰው ግን እስከ ዛሬ ሲስተር ነው የሚለኝ። ለጥያቄዋ መልስ አላጣሁም። ግን አፌን ልከፍት ስል አንዲት ጥቁር ነጠላ የለበሰች ሴት ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ። ለልጅቷ ሻይ አፍልቼ፣ ስለ እናቷ ጤና ጠይቄ ሸኘኋት። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ በየእድሩና በየማኅበሩ ኃላፊነት ለተቀበላችሁ ልጆችም ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

ጊዜው 1997 ዓ.ም. ነው። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቅ አንድ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። ያን ጊዜ ለቅሶ የማንደርስበት ሳምንት አልነበረም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው፤ እኛ ጋ ግን ገና አልደረሰም። በእጃችን የነበረው ነገር ውይይት ብቻ ነው። የማኅበረሰብ ውይይት ይባላል። በየ15 ቀኑ 50 ያህል ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ያወያያሉ። ዓላማው ሰዉን ማስተማር አይደለም። ራሱ ተነጋግሮ፣ ራሱ ወስኖ፣ ከመሃሉ የሚመራው ሰው እንዲወጣ ነው። ሴቷ አወያይ እኔ ነበርኩ። ሥልጠናውን ወስጃለሁ፣ «አወያይ ያዳምጣል» የሚለውን በገዛ እጄ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

የምንሰበሰበው በእድሩ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር። ጥግ ላይ የእድሩ ብረት ድስቶች ተደራርበዋል፣ የታጠፈው ድንኳን አለ፣ ቤቱ በሙሉ የጭስና የእርጥብ ሸራ ሽታ ይሸታል። የዚያን ዕለት ርዕሳችን ከጋብቻ በፊት የደም ምርመራ ነበር። ሰዉ በጋቢው ተጀቡኖ ተቀምጧል። ውጭ መኪና ቆሟል፤ ሥራውን የሚደግፈው ድርጅት ልኮት ሪፖርት ሊወስድ የመጣ ነው። ሹፌሩ አንዴ ጥሩንባ ነፋ። አቦሉ ገና እየተቀዳ ነው። እኔ ደግሞ ግድግዳው ላይ በለጠፍነው ትልቅ ወረቀት ላይ «ስምምነት» ብዬ ጽፌ፣ ከሥሩ አስምሬበታለሁ።

ያኔ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠች ሴት እጇን አወጣች። ባሏ የሞተው ከሰባት ወር በፊት ነው። የነጠላዋን ጫፍ በሁለት ጣቷ ትጠቀልለዋለች፣ መልሳ ትፈታዋለች። «እኔ... ስለ እንጀራው አንድ ነገር ልጠይቅ ነበር» አለች።

ስለ እንጀራው! ርዕሱ የደም ምርመራ ሆኖ ሳለ። አልጮህኩባትም፤ በጣም በትሕትና ነው የተናገርኩት። «እትዬ፣ ጊዜ ስላጠረን ለሚቀጥለው እናቆየው» አልኳት። ወረቀቱ ጥግ ላይም «ለሚቀጥለው» ብዬ ጻፍኩላት። አንገቷን ነቅንቃ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ሪፖርቴ ላይ «52 ሰዎች ተሳትፈው በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ብዬ ሞልቼ ለሹፌሩ ሰጠሁት። ቡናው ሁለተኛ አልተቀዳም።

በ15 ቀኑ አልመጣችም። በወሩም አልመጣችም። ወረቀቱን ገልጬ አዲስ ገጽ ላይ መጻፍ ቀጠልኩ።

ነገሩ የገባኝ ከሦስት ወር በኋላ ለቅሶ ቤት ነው። በእኛ እድር ሴቶቹ ለቅሶ ሲኖር እንጀራ ጋግረው ያመጣሉ። ያቺ ሴት የራሷን ይዛ መጣች፣ እንደ ሌላው ሰው ከድንኳኑ ጀርባ አስቀመጠች። የሌላው መሶብ ሁሉ ሲከፈት የእሷ አልተከፈተም። ክፉ የተናገራት ሰው የለም። ዝም ብለው እጃቸው ያልፈዋል። «ከባሏ ለቅሶ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ ይዛ ትመጣለች፣ ይዛ ትመለሳለች» አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እኔ በየ15 ቀኑ «ኤች አይ ቪ አብሮ በመብላት አይተላለፍም» እያልኩ ሳስጨበጭብ ለካ ነገሩ ያለው እዚያ መሶብ ውስጥ ነበር። ልትነግረን እጇን አውጥታ ነበር።

ማን ፈታው መሰላችሁ? እኔ አይደለሁም። የእድሩ ሰብሳቢም አይደሉም። በስብሰባችን ላይ አንድም ቀን ተናግረው የማያውቁ አንዲት አሮጊት ናቸው። ተነስተው መሶቧን ከፈቱ፣ አንድ እንጀራ አወጡ፣ ወጥ አስጨለፉ፣ ሰዉ ሁሉ እያየ ቁጭ ብለው በሉ። ከዚያ ለጎረቤታቸው አጎረሱ። ያ ነው አመራር። እኔ ግን የውይይቱን ኮሚቴ ስናቋቁም ያስመረጥኩት ድምፁ የሚያስተጋባውን፣ ስብሰባ የሚያሳምረውን ሰውዬ ነበር። አሮጊቷን አንዴም ዞር ብዬ አላየኋቸውም።

ያቺን ባሏ የሞተባትን ሴት ይቅርታ ሳልጠይቃት እኅቷ ዘንድ ወደ መተሐራ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

አባቴ ሽማግሌ ነበር፤ ባልና ሚስት ያስታርቅ ነበር። ልጅ ሆኜ ቡና የማቀርበው እኔ ነኝ። በአቦሉ ሁሉም ስለ ዝናብና ስለ ከብት ያወራል። በቶናው ትንሽ ወቀሳ ይመጣል። እውነተኛው ነገር የሚወጣው በበረካው ነው፣ ቡናው ቀጥኖ፣ ከሰሉ አመድ ለብሶ፣ ሰው ሊነሳ ሲል። አባቴ ይህን ስለሚያውቅ ይመስለኛል ከበረካ በፊት አንድም ቃል አይፈርድም ነበር። ይህን እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ በአቦል ስብሰባ የዘጋሁት።

ስለ ከምባታዋ ቦጋለች ገብሬ ሰምታችሁ ይሆናል፤ በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አረፉ። በትውልድ አካባቢያቸው የሴት ልጅ ግርዛትን ከሞላ ጎደል ያስቆመ ሥራ የመሩ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ስለ ኤች አይ ቪ ለመነጋገር ሲሄዱ ሰዉ ያነሳባቸው ሌላ ነገር ነው፤ ድልድይ የለንም፣ ልጆቻችን ትምህርት ቤት፣ እኛም ገበያ መድረስ አልቻልንም አላቸው። ርዕሳችን እሱ አይደለም አላሉም። ድልድዩ እንዲሠራ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ነው ሰዉ ስለ ግርዛቱም ለዓመታት ቁጭ ብሎ የተነጋገረው። ዩኒሴፍ ባስጠናው ጥናት ግርዛቱን የሚደግፈው ሰው በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ97 በመቶ ከ5 በመቶ በታች ወርዷል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የእኔ ድልድይ እንጀራ ነበረ እላለሁ።

እንግዲህ ሰዓት አክብሩ፣ ቃለ ጉባኤ ያዙ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የምፈራላችሁ ችኮላችሁን ነው። የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር ቴሌግራም ላይ ትጨርሳላችሁ። ግሩፑ ውስጥ 200 ሰው አለ፣ የሚጽፉት ስድስት ናቸው፣ አውራ ጣት ከበዛ «ተስማምተናል» ይባላል። እሱ ከእኔ «ሙሉ ድምፅ» በምን ይለያል? ያቺ መሶብ ይዛ የምትመለሰው ሴት አውራ ጣት አትልክም፣ ምናልባት ስልክም የላትም።

ሰው ሲናገር አታቋርጡ። ይህን ስል ግን አንድ ነጋዴ ትዝ ይለኛል፤ ሴቶች ሊናገሩ ሲሉ እየቀደመ ግማሽ ሰዓት ያወራ ነበር። አንድ ቀን በሰው ፊት «ይበቃል፣ ይቀመጡ» አልኩት። ተቀየመኝ፤ እስከ ዛሬ አልጸጸትም። ስለዚህ ማቋረጥም አለ። የምታቋርጡት ሰው ማን እንደሆነ ብቻ እዩ፤ ለሌላ ቀን እድል ያለው ነው ወይስ ድፍረቷን ለሰባት ወር ስታጠራቅም የቆየች?

እውነቱን ለመናገር እናንተ ከእኛ ትሻላላችሁ። ይቺ ልጅ ገና በአራት ወሯ ሴቶቹ ለምን ዝም እንዳሉ አሳስቧት መጥታ ጠየቀች። እኔ በእሷ ቦታ ሳለሁ ዝምታቸውን ስምምነት ነው ብዬ ነው የመዘገብኩት።

አንቺ ልጄ፣ ቅዳሜ ስብሰባ አለ ብለሽኛል። እመጣለሁ፣ ከኋላ እቀመጣለሁ። ጀበናውንና ስኒውን እኔ አመጣለሁ። አንቺ ከበሩ አጠገብ የሚቀመጡትን ሴቶች ወደ ውስጥ አስጠጊልኝ። በረካው ሳይጠጣ ደግሞ ቃለ ጉባኤውን እንዳትዘጊ።