መልስ፦ ከበረራ በፊት ስላለው ፍርሃት

እህቴ፣ «አውሮፕላኑ ሲንቀጠቀጥ የሚወድቅ ይመስለኛል፣ ጉዞዬ ደግሞ ሳምንት ነው የቀረው» ላልሽው፦

ከሁሉም የማስቀድመው ትንፋሽን ነው። ከዛሬ ጀምረሽ በቀን ሁለቴ ለ5 ደቂቃ ተለማመጂ፤ በአፍንጫሽ 4 ሰከንድ አስገቢ፣ በአፍሽ ቀስ ብለሽ 6 ሰከንድ አስወጪ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደጋግሞ በኃይል በመሳብ ነው፤ ያን ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ራስ ያዞራል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ፍርሃቱም ይብሳል።

መቀመጫሽን ክንፉ አካባቢ ያዢ፤ መንቀጥቀጡ ከኋላ ይልቅ እዚያ ያንሳል። የክንፉ ጫፍ ከፍ ዝቅ ሲል ብታዪ አትደንግጪ፣ እንዲተጣጠፍ ተደርጎ ነው የተሠራው። እንደተነሳችሁ የምትሰሚው ጓጓታ ጎማው ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ቀጥሎ የሞተሩ ድምፅ ቀነስ ሲል ቁልቁል የወረድሽ ይመስልሻል፤ አውሮፕላኑ ግን መውጣቱን አላቆመም። በዕለቱ ቡና ይቅርብሽ። ሐኪም ማስታገሻ ካዘዘልሽ ከአልኮል ጋር በፍጹም እንዳትወስጂው።