ስለ ኪሩና አቆራቆር ለቀረበልን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው፤ በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ለረጅም ዘመን ያገለገልሁ ጡረተኛ ነኝ። ሰሞኑን የልጅ ልጄ አንድ ትልቅ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን እንዳለ በተሽከርካሪ ላይ ተጭኖ ሲጓዝ በስልኩ አሳየኝና፣ «አባባ፣ ይህች ከተማ ብረትና ባቡር የቆረቆሯት የድሬ እኩያ ናት» አለኝ። እውነት ነውን? ቤተ ክርስቲያኑንስ ከቦታው ምን አስነሣው?

መልስ፦ የልጅ ልጅዎ ያሳየዎት በስዊድን ሰሜናዊ ጫፍ የምትገኘውን ኪሩናን ነው፤ እኩያ ማለቱም ትክክል ነው። (ዓመታቱን በሙሉ የጻፍነው እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በአካባቢው ተራሮች ብረት መኖሩ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ሆኖም ማዕድኑ ፎስፎረስ ስለሚበዛበት ከእርሱ የሚቀልጠው ብረት ብርድ ሲነካው የሚሰበር ሆነ፤ ማጓጓዣውም በበረዶ ላይ በአጋዘን ማስጎተት ስለነበረ ሀብቱ ለብዙ ዘመን ባለበት ተቀመጠ። በ1870ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው ሲድኒ ጊልክሪስት ቶማስ የማቅለጫውን ውስጠኛ ግድግዳ በኖራማ ድንጋይ ለብጦ ፎስፎረሱን ከብረቱ የሚለይበትን ዘዴ አገኘ፤ ትናንት የተናቀው ተራራም በድንገት ገዢ አገኘ። ኤልካአቤ በሚል ምሕጻር የሚጠራው የማዕድን ኩባንያ በ1890 ተቋቋመ።

የቀረው ወደብ ነበር። በስዊድን በኩል ያለው የሉሌዮ ወደብ በክረምት ባሕሩ በረዶ ሆኖ ይዘጋል፤ ከተራሮቹ ማዶ በኖርዌይ ጠረፍ ያለው ናርቪክ ግን ሞቃት የውቅያኖስ ጅረት ስለሚደርሰው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ስለዚህ ሃዲዱ ተራራውን አቋርጦ በ1902 ናርቪክ ደረሰ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ከጅቡቲ የተነሣው የእኛ ባቡር ወደ ሐረር የሚያወጣውን ዳገት ትቶ ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬዳዋም በዚያ ተቆረቆረች። የኪሩና የከተማ ፕላን የጸደቀው በ1900 ስለሆነ፣ በዕድሜ ጉዳይ ከልጅ ልጅዎ ጋር ቢከራከሩ ኪሩና በሁለት ዓመት ትበልጣለች።

ሁለቱም ከተሞች «ባዶ ሜዳ ላይ ተቆረቆሩ» ሲባል እንሰማለን፤ እኛ ይህን አነጋገር አንወደውም። በዚያ አጋዘን አርቢዎቹ ሳሚዎች፣ በዚህም የኢሳና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ያሰማሩ ነበርና።

ኩባንያው በኪሩና ያስቀመጠው የመጀመሪያ ሥራ አስኪያጅ ያልማር ሉንድቦም የሥነ ምድር ባለሙያ ነበር። በአቅራቢያው ባለችው ማልምበርየት ሠራተኞች ከድማሚት ሣጥን ሳይቀር በተለቀሙ ጣውላዎች ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ስለነበር፣ ያ በኪሩና እንዳይደገም ቆርጦ ተነሣ። ንድፉን ያወጣው አርክቴክት ፔር ኦሎፍ ሃልማን ነው። የእርስዎ ከዚራ ጎዳናዎች በማስመሪያ እንደተሰመሩ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ሃልማን ግን ነፋሱ መንገዱን ይዞ እንዳይጋልብ ጎዳናዎቹን አጣመማቸው፤ ከባዱ ብርድ ሸለቆው ውስጥ ስለሚተኛም ቤቶቹን በኮረብታው ተዳፋት ላይ አሰፈራቸው። ያዩት ቀይ ቤተ ክርስቲያን የተመረቀው በ1912 ሲሆን፣ ቅርጹ የሳሚዎችን ጎጆ ይመስላል።

አሁን ወደ መነሣቱ እንምጣ። የማዕድኑ አካል እንደ ገበታ ተጋድሞ የተቀመጠ አይደለም፤ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ግዙፍ ንጣፍ ሆኖ፣ ወደ ከተማው ሥር አዘንብሎ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ማዕድኑ በተቆፈረ ቁጥር ከበላዩ ያለው አለት እየተናደ ስንጥቁ ወደ ቤቶቹ ይቀርባል። በ2004 ከተማዪቱ መዛወር እንዳለባት ተገለጸ፤ በነሐሴ 2025 ደግሞ 672 ቶን የሚመዝነው ቤተ ክርስቲያን ሳይፈርስ 5 ኪሎ ሜትር ያህል በሁለት ቀን ተጓዘ።

የባቡር ሰው ስለሆኑ አንድ ነገር እንጨምርልዎ። የኪሩና አሮጌ ጣቢያ በዚሁ ምክንያት በ2013 ተዘግቶ ባቡሩ ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራ ጊዜያዊ ጣቢያ መቆም ጀመረ፤ ተሳፋሪውም ወደ መሀል ከተማ የሚገባው በአውቶቡስ ሆነ። ከአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ወርዶ መሀል ድሬ ለመድረስ ሌላ መኪና የሚፈልግ የከዚራ ሰው ነገሩን ሳይነግሩት ይረዳዋል።