መድኃኒቱ «መንፈሱን ይደብቀዋል» ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከሰው ሸሸ፣ ትምህርቱንም ተወ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጸልይ ስናየው መንፈሳዊ ሆነ ብለን ደስ ብሎን ነበር። በኋላ ግን ድምፅ ይሰማኛል፣ ጎረቤቶች ሐሳቤን ያዳምጣሉ ማለት ጀመረ። ጠበል ወሰድነው፣ ሐኪም ዘንድም ወሰድነው። ሐኪሙ «ሳይኮሲስ ነው» ብሎ ኪኒን አዘዘለት። ሁለት ወር ወስዶ በጣም ተሻለው። አሁን እናቴና ዘመዶቻችን «ኪኒኑ መንፈሱን ይደብቀዋል፤ ጠበል ላይ እንዳይጮህ ያደርገዋል፤ ተወውና ተጠመቅ» እያሉት ነው። መድኃኒት መውሰዱ እምነት ማጣት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር ኪኒኑን እንዳያቆም። ይህን አስቀድሜ ልበልሽ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ስለ ጠበልና ስለ ጸሎት አላስተምርሽም፤ ታውቂዋለሽ። እኔ የምቆየው «ይደብቀዋል» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። በስንት ቤት ሰምቻታለሁ! ሐሳቧ እንዲህ ነው፦ ታማሚው ጠበል ላይ ካልጮኸና ካልለፈለፈ አልዳነም። ኪኒኑ ደግሞ ያረጋጋዋል። ስለዚህ መረጋጋቱ ራሱ ያስጠረጥራል። ልጁ እንቅልፍ ሲያገኝ፣ ገላውን ሲታጠብ፣ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ ሲጫወት «ተደብቆ ነው» ይባላል። እንዲህ ከሆነማ ምን ቢያደርግ ነው ዳነ የምንለው?

ሌጌዎን ያደረበትን ሰው አስታውሺ። ጌታ ካዳነው በኋላ ሰዎች መጥተው ሲያዩት ለብሶ፣ ልቡም ተመልሶለት፣ ተቀምጦ ነበር (ማር. 5፥15)። የመዳኑ ምልክት ይህ ነው፤ ልብስ፣ ልብና መቀመጥ። ጩኸቱማ ከመዳኑ በፊት በመቃብር መካከል ሌትና ቀን ነበረ። ወንጌላዊው አንድ ነገር ይጨምራል፤ ሰዎቹ አይተው ፈሩ ይላል። የተረጋጋ ሰው አይቶ መፍራት ያኔም ነበር ማለት ነው። ደግሞ በቅፍርናሆም ምኩራብ ጋኔኑ ሲጮኽ ጌታ «ዝም በል» አለው እንጂ «ቀጥል፣ ተናገር» አላለውም (ማር. 1፥25)። ጩኸት የምንፈልገው እኛ ነን።

እኔም ከዚህ ስሕተት ንጹሕ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት መድኃኒት የሚወስድ ልጃቸውን ይዘው መጡ። «ይተወው ወይ?» አሉኝ። «እምነታችሁ ከጸና ጠበሉ ይበቃል» አልኳቸው። ለመናገር ቀላል ነበር፤ ለጆሮም ደስ ይላል። በሦስተኛው ወር ልጁ እንቅልፍ አጣ፤ ድምፁም ተመለሰበት። እናቱ ያቀረቡለትን ምግብ «መርዝ ነው» ብሎ ከቤት ወጣ። ተፈልጎ እስኪገኝ አሥር ቀን ፈጀ። እኚያ እናት አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይከብደኛል። መድኃኒት ማዘዝ የእኔ ሥራ እንዳልሆነ ሁሉ ማስቆምም የእኔ ሥራ አይደለም። ይህን የተማርኩት በሰው ልጅ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞችን መጠየቅ ጀመርኩ።

የነገሩኝን በአጭሩ ልንገርሽ። ሳይኮሲስ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ሰው የሆነውንና ያልሆነውን መለየት ሲያቅተው የሚሰጠው ስም ነው። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ወይም ምንም ማስረጃ የማይነቀንቀው ሐሳብ ይይዘዋል፤ ወይም ንግግሩ ይበታተናል። ከኋላው ስኪዞፍሬኒያ (ሐሳብንና ስሜትን የሚያዛባ ከባድ የአእምሮ ሕመም)፣ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍ ዝቅ የሚልበት ሕመም) ወይም ከባድ ድብርት ሊኖር ይችላል። ካናቢስና አነቃቂ ዕፆች ያመጡታል። የአንጎል ኢንፌክሽን፣ የሚጥል በሽታ፣ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ መዛባትም ያመጡታል። ሐኪሙ ስለ ድምፅ ስትነግሪው ደም የሚመረምረው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ ባለው ዕድሜ ነው፤ የወንድምሽ ዕድሜ ማለት ነው። በወለደች በጥቂት ቀናት ውስጥ ንግግሯ የተቀየረና እንቅልፍ ያጣች አራስም አለች። እሷን «ይለፍላታል» ብሎ ማቆየት አይገባም፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት።

«መንፈሳዊ ሆነ ብለን ደስ ብሎን ነበር» ያልሽው አሳዘነኝ፤ ግን አልፈርድባችሁም። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ይታለላል፤ ሕመሙ የሃይማኖት ልብስ ለብሶ ሲመጣ መለየት ከባድ ነው። እኔ የማየው እንዲህ ነው። በጸሎት የሚያድግ ሰው ከንስሐ አባቱ አይሸሽም፤ ምክር ይሰማል፤ እናቱን ሰላም ይላል። የታመመው ግን ይጨነቃል። የሚሰማው ድምፅ ያዘዋል፣ ይሰድበዋል፣ ያስፈራራዋል። ገላውን መታጠብ ይተዋል፤ ያለ ምክንያት ይስቃል፤ የሚወዱትን ይጠረጥራል። ቅዱስ ዮሐንስ መናፍስትን መርምሩ እንጂ ሁሉን አትመኑ ያለው ለእኛም ነው (1ዮሐ. 4፥1)። «ተገለጠልኝ» የሚል ልጅ በቤታችሁ ሲኖር ከማድነቃችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ ሌሊቱን ይተኛል?

«ታዲያ መንፈስ የለም እያልክ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም። ማቴዎስ አጋንንት ያደሩባቸውን ከሌሎች ሕመምተኞች ለይቶ ይጠራቸዋል (ማቴ. 4፥24)፤ ሁሉን በአንድ ከረጢት አልከተተም። በምዕራፍ 17 ያለውን ልጅ የሚያነሡም አሉ፤ እሱ እንደሚጥል በሽተኛ እየወደቀ ጋኔን ነበረበት። እውነት ነው። ግን ያን የለየው ጌታ ነው። እኔ በዓይን አይቼ መለየት አልችልም፤ ዘመዶችሽም አይችሉም። ካልቻልን ደግሞ ሁለቱንም በር ማንኳኳት እንጂ አንዱን መዝጋት ምን ይሉታል?

ሕዝቅያስ ንጉሡ ለሞት ታሞ ሳለ እግዚአብሔር በነቢዩ አፍ «እፈውስሃለሁ» አለው፤ ቀኑም ተቆረጠ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤተ መቅደስ ይወጣል ተባለ። ተስፋው ከተሰጠ በኋላ ኢሳይያስ ምን አለ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ አለ፤ እባጩ ላይ አደረጉለት፣ ተፈወሰም (2ነገ. 20፥5-7)። ልብ በይ፣ ቃሉ አስቀድሞ ወጥቷል። ነቢዩ ግን በለሱን «እምነት ማጣት ነው» አላለም። ሲራክም በምዕራፍ 38 በታመምህ ጊዜ ጸልይ ይልና ወዲያው ለሐኪሙ ስፍራ ስጠው ይላል። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሳርያ ለድውያን ቤት ሲሠራ ሐኪሞችን አስገብቶበታል። በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜም «አንዱን ምረጡ» የሚሉ ነበሩ፤ አባቶች ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ ብለው አስተማሩ። ክርክሩ አዲስ አይደለም።

አሁን ስለ ኪኒኑ። የዚህ ዓይነት መድኃኒት የመጀመሪያው ክሎርፕሮማዚን ነው፤ በ1952 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ተጀመረ። ከዚያ በፊት ብዙ ሕመምተኛ ዕድሜውን ተቆልፎበት ያልፍ ነበር። መድኃኒቱ ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ንጥረ ነገር ሥራ ይገታል። ሙሉ ውጤቱ ሳምንታት ይፈልጋል። ሲሻለው ማቆም ደግሞ ትልቁ ወጥመድ ነው፤ የተሻለው ስለወሰደው ነውና። ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው ከተሻለው በኋላም ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ቢያንስ አንድ ዓመት ያስቀጥሉታል። የሚቀነሰውም በሐኪም እጅ ቀስ እየተባለ ነው።

አንድ ነገር በተለይ እወቂ። አንዳንዱ መድኃኒት፣ በተለይ ሃሎፔሪዶል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገትን ሊያጣምም፣ ዓይንን ወደ ላይ ሊሰቅል፣ ምላስን ሊያስተሳስር ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ይኸው መንፈሱ ተነሣ!» ይላል። የጡንቻ መኮማተር ነው። ሐኪም ዘንድ ከሄዱ ማርከሻ አለው፣ በፍጥነት ይለቃል። መንቀጥቀጥ፣ መቁነጥነጥ፣ እንቅልፍ ማብዛት፣ መወፈርም አሉ። ያስቸግራሉ፤ ወንድምሽ ሲያማርር «ቻለው» አትበሉት። ለሐኪሙ ይንገር፤ መጠኑ ይስተካከላል ወይም ዓይነቱ ይቀየራል። በየቀኑ መዋጥ የሚሰለቸው ከሆነ በየወሩ የሚወጉት መርፌም አለ።

ጠበሉን ይቀጥል። ወደ ጠበል ሲሄድ ኪኒኑን ይዞ ይሂድ፤ ሰዓቱንም አያሳልፍ። ሌሊቱን በማሕሌት አድሮ እንቅልፍ አያጓድል፤ እንቅልፍ ማጣት ለዚህ ሕመም ነዳጅ ነው። ጾሙን በተመለከተ ኪኒኑ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስጨንቅም። ማሰርና መግረፍ ግን «ለመንፈሱ ነው» ቢባልም በእኔ ዘንድ ፈቃድ የለውም።

ድምፁ ዳግመኛ ቢመጣበት አትከራከሪው፤ «እኔም እሰማለሁ» ብለሽም አትዋሺው። «እኔ አይሰማኝም፣ ግን እንደፈራህ አያለሁ» በይው። ራሴን አጠፋለሁ ካለ፣ ድምፁ ሰው ጉዳ ካለው፣ ወይም መብላትና መጠጣት ካቆመ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት።

እናትሽን ግን አትቆጪያቸው። ልጃቸው እንዳይጠፋባቸው ፈርተው ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ ዘንድ አብረው ይግቡ፤ «ይደብቀዋል» የሚለውንም ራሳቸው ይጠይቁት። ከዚያ በኋላ ልባቸው ካላረፈ ወደ እኔ ይምጡ፤ የሌጌዎኑን ታሪክ አብረን እናነበዋለን።